ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው

በደጋ አገር ምድጃ ሁለት ሥራ አለው። እንጀራ ይጋግራል፤ ሰውም ያሞቃል። ስለዚህ ምድጃ መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ጥቂት ማገዶ የሚፈጅ ምድጃ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። አስቀድመን ግን እኛ ራሳችን የተሳሳትነውን እንናገራለን።

ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ዛፍ ጥቂት ነው። ከባሕር ዛፍ ሌላ ብዙው ማገዶ ኩበት ነው። እኛ ተማሪዎች ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ የእንጀራ ምድጃ በአህያ አስጭነን ሄድን። ያረፍንበት ቤት እመቤት ምድጃውን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣

«ልጆቼ፣ ይሄ እንጀራውን ይጋግር ይሆናል። ሌሊትስ ማን ሊያሞቀኝ ነው?» አሉን።

«እማማ፣ ማገዶ በግማሽ ይቆጥባል እኮ!» አልናቸው።

«በአፍ ነው በእጅ?» አሉ።

መልስ አጣን። በወረቀት አነበብነው እንጂ በእሳት አላየነውም። ስለዚህ ለመሞከር ተስማማን። እኩል የሆኑ የእንጨት ሸክሞች አዘጋጀን። በመጀመሪያው ቀን በሦስት ጉልቻ ተጋገረ። በማግሥቱ ያንኑ ያህል ሊጥ በአዲሱ ምድጃ ተጋገረ። ውጤቱ ምን ሆነ? ምድጃው ምንም አልቆጠበም። ቤቱም በጭስ ታፈነ። ጎረቤት ሳቀብን።

እመቤቲቱ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ምድጃውን ዙሪያውን መረመሩ። «ጥፋቱ የምድጃው አይደለም» አሉ። «ክፍሎቹን ስትገጣጥሙ መጋጠሚያውን በጭቃ አልመረጋችሁትም። ነበልባሉ በስንጥቁ ያመልጣል። የእኔም ምጣድ ዳሩ ወልጋዳ ነው፤ ገጥሞ አልተቀመጠም። ደግሞ እርጥብ ግንድ አፉ ድረስ ጠቀጠቃችሁበት። እሳት እኮ እንደ ሰው ይተነፍሳል።»

ስንጥቁን በጭቃ መረጉ። የምጣዱንም ዳር አስተካከሉ። የደረቀ እንጨት በቀጭኑ አስፈልጠው ጥቂት ጥቂት እያሉ ማገዱ። ያን ቀን ሊጡ አልቆ ከሸክሙ እንጨት ተረፈ። የተረፈውን እንጨት ከበን ቆመን አየነው። ያስተማርነው እኛ ሳንሆን የተማርነው እኛ ነበርን።

ማገዶ የሚባክነው በየት ነው?

አንደኛ፣ በጎን ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በሁሉም በኩል ክፍት ነው። ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ከሚነደው እንጨት ሙቀት ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በከንቱ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ በውሃ ነው። አሁን የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት። እንግዲህ እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው እንጀራ ሳይጋግር ውሃ ያፈላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በጭስ ነው። ብዙ ሰው ጭስ የእሳት ጥላ ይመስለዋል። አይደለም። ጭስ አየር አጥቶ ወይም ሙቀት አንሶት በደንብ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። በጣሪያችን ላይ የተጋገረው ጥላሸት ከሩቅ አገር ተሸክመን ያመጣነው ማገዶ ነው። ጭስ የበዛበት ቤት ማገዶም ይበዛበታል።

ታዲያ ምን ዓይነት ምድጃ እንምረጥ?

1. ሥራውን እንለይ። ለእንጀራ ምርጥ የሚባለው ምድጃ አለ። ይህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በአገራችን የተዘጋጀ ነው። ምጣዱን ዙሪያውን ይከብበዋል፤ ከበስተኋላው ጭሱ በሚወጣበት ላይ ድስት ማስቀመጫ አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት እንደሚቆጥብ በፈተና ታይቷል። ወጥ ለመሥራት ትክክል የሚባል የእንጨት ምድጃ አለ። ላቀች የሚባለው ደግሞ ለከሰል ነው። የእንጀራውን ለወጥ፣ የከሰሉን ለእንጨት ብንገዛ ገንዘባችን ባከነ ማለት ነው።

2. ልኩን እንይ። ወደ ገበያ ስንሄድ የምጣዳችንን ስፋት በገመድ ለክተን እንሂድ። ምጣዱና ምድጃው ካልገጠሙ እሳቱ በዳር ይወጣል።

3. አሠራሩን እንመርምር። ስንጥቅ አለው ወይ? ክፍሎቹ ይገጥማሉ ወይ? በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል ወይ? የሚፈረፈረውን አንግዛ።

4. የጭሱን መንገድ እናስብ። ምድጃው ጭስን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ ከምድጃው በላይ፣ በግድግዳው ከፍታ ላይ የጭስ መውጫ እንክፈት። ቢቻል ማብሰያውን ከመኝታው እንለይ።

5. በእጅ እንመዝን። እንደ እመቤቲቱ «በአፍ ነው በእጅ?» እንበል። ከመግዛታችን በፊት ምድጃው ካለበት ጎረቤት ቤት ሄደን በእኩል ሸክም እንሞክር።

አሁን ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ሌሊት ማን ያሞቃል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሦስት ጉልቻ ብርሃንም ሙቀትም ይሰጣል። ነገር ግን እሳቱ ሲጠፋ ሙቀቱም ወዲያው ይጠፋል። ከሲሚንቶ ወይም ከሸክላ የተሠራ ወፍራም ምድጃ ግን ሙቀቱን በሆዱ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ብርድ በሚጠናበት ወራት ወደ ማታ መጋገር ይጠቅማል። ከመሬት እስከ ወገብ ያለውን የግድግዳ ሽንቁር በጭቃ እንምረግ፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ላይኛውን የጭስ መውጫ ግን አንዝጋ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብርድ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። ይህ ሰው ላይነቃ ይችላል! ከከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣል። አይታይም፤ አይሸትም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አያልቅም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማን በሩን ከፍተን ቶሎ ወደ ውጭ እንውጣ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ።

የእንጨትና የኩበት ጭስም ቀስ ብሎ ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በመላው ዓለም በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት ናቸው። እነሱም ሴቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የምድጃ ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ስህተት ነው። ምድጃ ለመግዛት ገንዘብ ሲመደብ ባልም ሚስትም አብረው ይምከሩ።

ለገበሬ ሌላም ትርፍ አለ። ኩበት ሲነድ የሚነደው የማሳው ምግብ ነው። ከምድጃ የተረፈ ኩበት ወደ እርሻ ቢመለስ መሬቱ ይወፍራል። እንጨት ፍለጋ የምትሄድ ልጅም መንገዷ ቢያጥር የተረፈውን ጊዜ ለትምህርት ታውለዋለች።

እመቤቲቱ ስንለያያቸው ምድጃውን አስቀሩት። ሦስቱን ጉልቻ ግን አልጣሉም፤ በግድግዳው ሥር ደርድረው አስቀመጧቸው። «ይቆዩ፤ አንድ ክረምት ልየው» አሉ። እኛም ትክክል ናቸው አልን። አይቶ መዝኖ የተቀበለ ሰው ነገ መልሶ አይጥለውም።

ጥያቄዎች

1. እርጥብ እንጨት ማንደድ ለምን ማገዶ ያባክናል?
2. የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ሙከራ ለምን ከሸፈ?
3. ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ምን ያስከትላል?
4. በቤታችሁ አንድ ቡሖቃ ሊጥ ለመጋገር ስንት ሸክም ማገዶ ይፈጃል? በሚቀጥለው ጋገራ ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከጎረቤታችሁም ጋር አስተያዩ።