ብናኝ ከኮከብ እንዴት ያመልጣል?

ገበሬ እህሉን ከወቃ በኋላ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲመጣ ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበትናል። ፍሬው አውድማው ላይ ይወድቃል። እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። በሰማይም ይህን የሚመስል ሥራ አለ።

ፀሐይ ኮከብ ናት። ሌሎቹም ከዋክብት ስለ ራቁ ነው እንጂ እንደ ፀሐይ ያሉ ናቸው። በወጣት ኮከብ ዙሪያ ብዙ ድንጋይና ብናኝ ይዞራል። ቅርጹም እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ድንጋዮቹ ሲጋጩ ይሰባበራሉ፤ አዲስ ብናኝም ይወጣል።

ብናኙን ሁለት ኃይሎች ይሻሙበታል። አንደኛው ስበት ነው፤ ወደ ኮከቡ ይጎትተዋል። ሁለተኛው የኮከቡ ብርሃን ነው፤ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብርሃን ይገፋል ወይ? አዎን፣ ይገፋል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ግን እኛ አይሰማንም። ድንጋይንም አያንቀሳቅስም። ድንጋይ እየደቀቀ ሲሄድ ግን ክብደቱ ከገጹ ይልቅ ፈጥኖ ይቀንሳል። በመጨረሻ ብርሃኑ ስበትን ያሸንፋል። ያን ጊዜ ብናኙ ላይመለስ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ብናኝ 1 ሚሊ ሜትር ሺህ ቦታ ቢከፈል የአንዱን ወይም የጥቂቱን ክፍል ያህል ነው።

በደቡብ ሰማይ ቤታ ፒክቶሪስ የሚባል ኮከብ አለ። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 63 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዕድሜው ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህ ለኮከብ ልጅነት ነው፤ ፀሐይ እንኳ 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት አልፏታል። በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመራማሪዎች በቺሊ አገር ሆነው በቴሌስኮፕ የብናኙን ክብ ፎቶግራፍ አነሡ። ኋላም ሁለት ፕላኔቶች ተገኙበት።

ደቃቁ ብናኝ ቶሎ የሚያመልጥ ከሆነ ለምን አላለቀም? ጢስ ሲታይ እሳት መኖሩ ይታወቃል። ብናኙም ሲታይ ድንጋዮቹ ዛሬም እንደሚጋጩ ይታወቃል።

መሬታችንም ፀሐይ ወጣት ሳለች በዙሪያዋ ከነበረው ብናኝና ድንጋይ ተጠራቅማ ተሠራች። የምናርሰው አፈር ሳይበተን ከቀረው ወገን ነው።

የቃላት ፍቺ
ስበት፦ አንድ አካል ሌላውን ወደ ራሱ የሚጎትትበት ኃይል
ፕላኔት፦ እንደ መሬት ኮከብን የሚዞር ትልቅ አካል

ጥያቄዎች
1. ብናኝን የሚሻሙት ሁለት ኃይሎች ምንና ምን ናቸው?
2. ድንጋዩ ሲቀር ደቃቁ ብናኝ ለምን ይሄዳል?
3. በአውድማ ላይ ነፋስ የሚሠራውን ሥራ በኮከብ ዙሪያ የሚሠራው ምንድን ነው?