ለጀማሪዋ አዋላጅ ሰባት ምክሮች

ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ወደ ማዋለጃ ክፍል ልትገቢ ነው፤ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ኮሌጁ የሚችለውን ሰጥቶሻል። የቀረውን የምታገኚው ካንቺ ቀድመው እዚያ ክፍል ከቆሙ ሰዎች ነው። ዕድሜዬን በነርስነት የፈጀሁ ነኝና ይህን ሳልጠራጠር እነግርሻለሁ፦ በሥራዋ የተመሰከረላት አዋላጅ ሁሉ አጠገቧ ቆሞ ያሳያት፣ ስትስት ያረማት፣ ስትችል ደግሞ ቦታ የለቀቀላት ሰው አላት። እንዲህ ያለው ሰው ይፈለጋል፣ ይከበራል፣ ውለታውም ይከፈላል። እንዴት እንደሆነ በተራ ልንገርሽ።

1. አስተማሪሽን ሥራው ላይ ፈልጊ።

ማዕረግና ስም አያታልሉሽ። መጀመሪያ ክፍሉን በደንብ ተመልከቺ። ፓርቶግራፉን በሰዓቱ የምትሞላው ማን ናት? ተረኛ ሲቀየር የእያንዳንዷን እናት ሁኔታ አንድም ሳታስቀር የምታስረክበው ማን ናት? ሌሊት ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ሲበረታ ሁሉም «እሷን ጥሩልኝ» የሚላት ማን ናት? ምጥ የጠናባትን እናት በስሟ ጠርታ፣ ጀርባዋን አሽታ የምታረጋጋት ማን ናት? ይህች ሴት የክፍሉ ኃላፊ ላትሆን ትችላለች፤ የትምህርት ደረጃዋም ካንቺ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ከእሷ ጋር ተረኛ ለመሆን ጠይቂ።

2. ትንሹን ሥራ በትልቅ ዓይን ሥሪ።

የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ እወቂ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በገጠር ለቀናት አምጠው ልጃቸውን አጡ፤ የተራዘመው ምጥም ፊስቱላ አተረፈላቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሱ። ያከሟቸው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አገራችን የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ።

ማሚቱ ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ። ሐኪሞቹም ትጋታቸውን አይተው ደረጃ በደረጃ ቀዶ ሕክምናውን አስተማሯቸው። መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገቡት ሴት የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ፤ ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን ተመልከቺ። ማሚቱ መሣሪያ ሲያቀብሉ ዓይናቸው ከቁስሉ አልተነቀለም፤ ቀጥሎ የሚፈለገውን የሚያውቅ እጅ የሚገኘው እንዲህ በማየት ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ ወረቀት የላትም ብለው በሩን አልዘጉም። አንቺም ጓንት ስታቀርቢ፣ ዕቃ ስትቀቅዪ፣ ካርድ ስታወጪ ልብሽ እዚያው ይሁን። አስተማሪ ሰው ማንን እንደሚያስተምር የሚመርጠው ትንሹ ሥራ ላይ አይቶ ነው።

3. ጥያቄሽን አዘጋጅተሽ ጠይቂ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። አጠያየቅም ግን ሙያ ነው። «ምከሩኝ» ብቻ ብትዪ መካሪሽ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። እንዲህ በዪ፦ «ሲስተር፣ የእኚህ እናት የማህፀን በር ከአራት ሰዓት በፊት ካየሁት አልጨመረም። የልጁ የልብ ምት ደህና ነው። እኔ ለሐኪም እናሳውቅ ባይ ነኝ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» እንዲህ ስትጠይቂ ያየሽውን፣ ያሰብሽውንና ያልገባሽን ለይተሽ አቀረብሽ ማለት ነው። እሳቸውም የሚያርሙት ሐሳብሽን ስለሚሆን ለሚቀጥለው ሌሊትም ይጠቅምሻል። የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሳለ ግን እርዳታ ለመጥራት አንድ ደቂቃ አታባክኚ፤ ለምን እንዲህ እንደተደረገ ደግሞ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብለሽ ጠይቂ።

4. እርማትን ተቀብለሽ በማግስቱ ተመለሺ።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በየኔታ ፊት ይቆማል። የኔታ ጎዶሎውን ያሳዩታል፤ ጓደኞቹም እየሰሙ ነው። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዚህ ምልልስ ነው። አንቺም «የተሰፋው ትክክል አይደለም፤ ፍቺውና እንደገና ስፊው» ስትባዪ ፊትሽ አይጥቆር። የታረምሽውን ማታ በደብተርሽ ጻፊ፤ በሚቀጥለው ተረኝነትሽ እንዳረምሽው አሳዪ። ያረመሽ ሰው ድካሙ ፍሬ እንዳፈራ ሲያይ ሌላም ይጨምርልሻል።

5. አንድ አስተማሪ አይበቃሽም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርዱ ነበር። ሁሉን የያዘ አንድ ደብር እንደሌለ ያውቁ ነበርና። አንቺም ከአንዷ የእጅ ሙያን፣ ከሌላዋ የተጨነቀ ቤተሰብን ማነጋገርን፣ ከሐኪሙ የሕመሙን ምክንያት ተማሪ። ደመወዝን ስለመያዝ፣ ትምህርት ስለመቀጠል፣ ትዳርንና የሌሊት ተረኝነትን ስለማስማማት ያለፈችበትን ጠይቂ። ለዓመታት ክፍሉን የምታጸዳው እናትም የአንዲትን ወላድ ፊት አይታ ነገሩ እንዳላማረ ልታውቅ ትችላለችና ስትነግርሽ አድምጫት። አብረውሽ የተመረቁትንም አትርሺ፤ ያልገባሽን ሳታፍሪ የምትናገሪው ለእነሱ ነው።

6. ከሚጎዳሽ መካሪ ራቂ።

ይህን በቀጥታ እነግርሻለሁ። ለምክሩ ገንዘብሽን፣ ገላሽን ወይም ዝምታሽን የሚጠይቅሽ ሰው ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢሆን አስተማሪሽ አይደለም። ያልተደመጠ የልብ ምት እንደተደመጠ አድርገሽ እንድትጽፊ የሚያዝሽንም እንቢ በዪ። የሆነውን ከነቀኑ መዝግቢ፤ ለምታምኛት ታላቅሽ ንገሪ፤ ለሚመለከተውም ክፍል አቤት በዪ። ጥፋቱ የእሱ ነውና አንገትሽን አትድፊ። ሌላም አለ፦ ስትችዪ እያየ እንዳልቻልሽ የሚያቆይሽ። ክብሩን ሳትነሺው ሌላ አስተማሪ ፈልጊ። እውነተኛ መካሪ አንድ ቀን ያለ እሱ እንድትቆሚ ይፈልጋል።

7. የተቀበልሽውን አሳልፈሽ ስጪ።

ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። በ2007 ደግሞ ገጠር ወርደው የሚያዋልዱ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተመሠረተ፤ ምጡ በጊዜ ከታየ ፊስቱላው አይመጣምና። ዶክተር ሬጅናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 ዐረፉ። ያስተማሯቸው ሰዎች ግን ሌሎችን አስተማሩ፤ ሥራውም ቀጠለ።

ለአስተማሪሽ ውለታውን መልሰሽ መክፈል አትችዪም፤ እሱም አይጠብቅብሽም። የምትከፍዪው ካንቺ ኋላ ለምትመጣው ነው። ስለዚህ ብዙ ዓመት እስክትሠሪ አትጠብቂ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተመራቂ ስትመጣ ዕቃው የት እንዳለ አሳያት፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት አብረሻት ሁኚ፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ አትቀሚያት፣ አጠገቧ ቁሚ። ስትችል አይተሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በዪ። ያን ጊዜ ሙያው በእጅሽ እንደገባ ታውቂያለሽ።

እጅሽ የተባረከ ይሁን። የያዝሽው ሁሉ በሰላም ይወለድ። የሚያስተምርሽ አይጥፋ፤ የምታስተምሪያትም ትብለጥሽ።