በጭንጫ መሬት ላይ የሚጸና ተክል፦ የተራቆተውን የቅጽራችንን አፈር ስለ መሸፈን

እግዚአብሔር አምላክ አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። ማልማትና መጠበቅ በአንድነት መነገራቸውን ልብ እንበል። በየአጥቢያው በምናከናውነው የቅጽር ልማት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን እንፈጽማለን፤ ሁለተኛውን ግን እንዘነጋለን። ችግኝ እንተክላለን፤ በበጋ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ ግን አስቀድመን አንጠይቅም።

እኛም በዚህ ተሳስተናል። በአንድ ደጋማ አጥቢያ፣ ከመካነ መቃብሩ በላይ ባለው ተዳፋት አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ድንጋዩ አግጥጦ ስለ ነበር ሣርና አበባ አስተከልን። በክረምት አማረ። ከኅዳር በኋላ ግን እናቶችና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን ውኃ እየቀዱ ማጠጣት ግድ ሆነባቸው። እስከ የካቲት ደከሙ፤ ተክሉም ደረቀ። በቀጣዩ ክረምት ጎርፉ እንደ ቀድሞው አፈሩን ጠርጎ ወሰደ። ጥፋቱ የምእመናኑ የትጋት ማነስ አልነበረም፤ ለቦታው የማይስማማ ተክል የመረጥነው እኛ ነን።

ፀሐይ ለሚበረታበት፣ አፈሩ ስስ ለሆነና ውኃ ለሚያጥርበት ጭንጫ ቦታ ከሚስማሙ ተክሎች አንዱ ሴደም ነው። ሴደም በአገራችን ከሚታወቀው ከእንዳሁላ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። የዱር ወገኖቹም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ይገኛሉ። ለአትክልት ስፍራ የሚመረጡት ዝቅ ብለው በምድር ላይ የሚሳቡት ዓይነቶች ናቸው፤ ቢጫ የሚያብበው ሴደም አክሬና ነጭ የሚያብበው ሴደም አልበም ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ውርጭን ይችላሉ፤ ቁመታቸውም ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

ይህ ተክል ድርቅን የሚቋቋመው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ወፍራም ቅጠሉ ውኃ ያጠራቅማል። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ስለሚከፍቱ ውኃቸው በፀሐይ ይተናል፤ ሴደም ግን ውኃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን በቀን ዘግቶ፣ አየሩ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ግንዱ በሚሳብበት ሁሉ ሥር እየሰደደ አፈሩን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፤ የዝናቡም ጠብታ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ይከላከላል።

ለመትከል የሚያሰናዳ አጥቢያ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቅ።

1. አስቀድሞ ጎርፉን መግታት ይገባል። የሴደም ሥር አጭር በመሆኑ የሚወርድ ጎርፍን ብቻውን አያቆምም። ስለዚህ ከተዳፋቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በተዳፋቱም ላይ የድንጋይ እርከን ይሠራ፤ ተክሉ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል።

2. አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ ይሁን። ዋልካ ከሆነ አሸዋና ጠጠር ይቀላቀልበት፤ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ሥሩ ይበሰብሳልና። ፍግ ማብዛት አያስፈልግም፤ አፈሩ እጅግ ሲዳብር ግንዱ ይልማል፤ ይወድቃልም።

3. ዘር መግዛት አያሻም። የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ተወስዶ የታችኛው ቅጠል ይነሣለታል፤ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን በጥላ ይቆያል፤ ከዚያም ወደ አፈሩ በጥቂቱ ይተከላል። በቁራጮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተው በቂ ነው።

4. ጊዜው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ቢሆን መልካም ነው። ሥር እስኪሰድ ድረስ ዝናቡ ቢቋረጥ በጥቂቱ ይጠጣ። በመጀመሪያው ዓመት አረሙ በእጅ ካልተነቀለ ይውጠዋል።

የማይተከልበትን ቦታም ማወቅ ይገባል። ታቦት በሚዞርበትና ምእመናን በሚቆሙበት ስፍራ አይተከል፤ የብዙ ሰው እግር አይችልምና። በጽድ፣ በወይራና በዝግባ ጥላ ሥርም አይግባ፤ በዚያ የረገፈው ቅጠል ራሱ የአፈሩ ልብስ ነው፤ ከሥሩ የሚበቅሉትም የአገር በቀል ዛፎች ቡቃያዎች የነገው ደን ናቸው። ከተክሉ የተሰበረ ቁራጭ በወደቀበት ስለሚበቅል፣ ሲከረከም የተረፈው ተለቅሞ ይወገድ። የሴደም አክሬ ፈሳሽ አፍንና ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል ሠራተኞች እጃቸውን ይታጠቡ፤ ሕፃናትም እንዳይቀምሱት ይነገራቸው።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት ከመትከላቸው በፊት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ቢወያዩ እንመክራለን። በቅጽራችን ውስጥ አፈሩ የተራቆተው የት ነው? ጎርፉስ ከየት ይመጣል? የምንመርጠው ተክል በጥርና በየካቲት ስንት ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል? ውኃውንስ በትከሻው የሚሸከመው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በጉባኤው ሳይመለስ መቆፈሪያ ባይነሣ ይሻላል። መልሱ ሁልጊዜ እናቶችና ልጆች ከሆነ፣ ልማቱ ለእነርሱ ሸክም ሆኗል ማለት ነው።

አንድ አጥቢያ በትንሽ መደብ ጀምሮ ተክሉ ሲጸድቅለት ለጎረቤት አጥቢያ ቁራጭ ያካፍል። ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስተውሎ መምረጥንና በትዕግሥት መጠበቅን ግን ይጠይቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።