የበለስ አተካከልና አያያዝ

በአገራችን ተዳፋቶች ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚበቅለው ቁልቋልና በትግራይ በስፋት የሚገኘው በለስ በመልክ ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም። በለስ ከሜክሲኮ የተገኘ ተክል ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለቱን ለመለየት መቁረጥ ይበቃል፤ ቁልቋል ነጭ ወተት ሲያወጣ፣ በለስ የሚያወጣው ዝልግልግ ውሃ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ስለሚጎዳ የልማት ሠራተኞች ይህን ልዩነት አስቀድመው ማስረዳት ይገባቸዋል።

በለስ ድርቅን የሚቋቋመው የአየር ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ነው። በተለምዶ ቅጠል የምንለው ጠፍጣፋ ክፍል በእርግጥ ግንዱ ሲሆን፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። ፍሬው የሚደርሰው በክረምት፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት መሆኑ ጥቅሙን ከፍ ያደርገዋል።

ለተከላ አንድ ዓመት የሞላው ጤነኛ ቅጠል ከመገጣጠሚያው ላይ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጣል። ወዲያው መትከል ግን አይገባም። ቁስሉ እስኪደርቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በጥላ ሥር መቆየት አለበት፤ አለዚያ ይበሰብሳል። ከዚያም ዝናቡ ከመጥናቱ በፊት፣ ውሃ በማይተኛበት መሬት፣ ግማሽ ያህሉን ቀብሮ መትከል ነው። ችግኙን ፍየል እንዳይበላው ማጠር ያስፈልጋል።

ለመኖ ሲውል እሾሁ በእሳት ተለብልቦና ተከታትፎ ከገለባ ጋር ይቀላቀላል። ብቻውን በብዛት ቢሰጥ ከብቱን ያስቀምጠዋል፤ ፕሮቲኑም አነስተኛ ስለሆነ ፋጉሎ ወይም የጥራጥሬ ተረፈ ምርት መጨመር ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ኮቺኒል የተባለው ነፍሳት ነው። ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ ደቡብ ትግራይ ገባ፤ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶም የበለሱን ማሳ ያደርቅ ጀመር። ምልክቱ በቅጠሉ ላይ የተለጠፈ ጥጥ መሳይ ነገር ሲሆን፣ በጣት ሲጨፈለቅ እንደ ደም ይቀላል። እንስቷ ክንፍ የላትም፤ ጫጩቶቹን የሚያዛምተው ነፋስ ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚያደርሳቸው ግን በሰው እጅ የሚጓጓዝ ቅጠል ነው። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነፍሳቱ ከታየበት ወረዳ የተከላ ቅጠል፣ በነፃ ቢሰጣቸው እንኳ፣ መቀበል የለባቸውም።

የተያዘ ቅጠል ከተገኘ እዚያው ቆርጦ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። አንድ አባል አጽድቶ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ስለሚሆን ሥራው በአንድ ቀን በጋራ ቢከናወን ይመረጣል። ከባድ ዝናብ ነፍሳቱን ስለሚያጥብ ፍተሻው በበጋ መጠናከር አለበት፤ በየሁለት ሳምንቱ በተለይ የቅጠሎቹን መገጣጠሚያና ጥላ ያለበትን ወገን መመልከት ያስፈልጋል።