ስለ መንገድ ንጣፍና ስለ ተሽከርካሪ ድምፅ

መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጽናቱንና ዋጋውን ነው። ነገር ግን በመንገዱ ዳር የሚኖር ሰው ድምፁን ቀንና ሌሊት ይሰማልና፥ ይህም አብሮ ሊመረመር ይገባል። ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን ተኝተንም ክፍት ነው።

የመኪና ድምፅ በተለይ ከሁለት ስፍራ ይወጣል። አንደኛው ከሞተሩ፥ ሁለተኛው ጎማው መሬቱን ከሚነካበት ነው። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ሞተሩ ይበልጥ ይሰማል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግን በትንንሾቹ መኪኖች ዘንድ የጎማው ድምፅ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ መኪና በልዩ ልዩ ንጣፍ ላይ ሲሄድ ድምፁ ልዩ ልዩ ይሆናል።

ኮብልስቶን በተባለው በጥርብ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ጎማው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲሻገር መገጣጠሚያውን እየመታ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ድምፅ ይሆናል። በለስላሳ አስፋልት ላይ ይህ ምት እጅግ ያንሳል፤ ሆኖም በጎማው ጥርስና በንጣፉ መካከል የታመቀው አየር ሲያመልጥ ይጮኻል። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት አስፋልት ይህን አየር ስለሚቀበል ድምፁ ይቀንሳል፤ ቀዳዳው በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ጉድጓድ ባለበት መንገድም ባዶ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሣጥኑ እየተንኳኳ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

የድምፅ ኀይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል መቀነስ ከሚያልፉት መኪኖች እኩሌታውን እንደ ማስቀረት ይቈጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ በሰጠው ምክር፥ የመንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አሳስቧል፤ ከዚያ ሲበልጥ እንቅልፍን ያውካልና።

ጕዳቱ በትምህርት ቤትም ይገለጣል። መምህሩ ድምፁን ከፍ ቢያደርግም፥ በስተኋላ የተቀመጠው ልጅ «ተ»ን ከ«ጠ» ሳይለይ ይቀራል። ልጁም ሰነፍ ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የመንገዱ ነው።

ይህን ስንል ጥርብ ድንጋይን መንቀፋችን አይደለም። በአገራችን ከተሞች ጭቃንና አቧራን አስቀርቷል፥ ለብዙ ወጣቶችም ሥራ ሰጥቷል። መኪና በዝግታ በሚሄድበት በመንደር ውስጥ መንገድ መልካም ነው። መኪና በሚፈጥንበት፥ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ባለበት ግን ለስላሳ ንጣፍ ይሻላል። ይህ ባይቻል ፍጥነትን መወሰንና ጉድጓድን ቶሎ መድፈን ይጠቅማል። ሽማግሌዎችም ስለ መንገድ ሲመክሩ ይህን ያስቡ።

መልመጃ፦ መምህሩ ተማሪዎቹን ከመንገድ ርቀው በሚቀመጡበት ስፍራ ዓይናቸውን ያስጨፍናቸው። መኪና ሲያልፍ በምን ዓይነት ንጣፍ ላይ እንደ ሄደ ከድምፁ ለይተው ምክንያቱን ይናገሩ።