ዕድሮች ተባብረው ምንጭ ስለ መጠበቅ
ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት



ስለ ቤት ንጽሕና ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው በየጎጆአችን ውስጥ ያለውን ነው፤ ወለሉን መጥረግ፣ ዕቃውን ማጠብ፣ ምግቡን መክደን፣ የልጆችን ፊት ማጠብ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንዲት እናት ቤቷን የቱንም ያህል ብታጸዳ፣ እንስራዋን የምትሞላበት ምንጭ ከቆሸሸ ድካሟ ግማሹ ከንቱ ይሆናል። ምንጩ ደግሞ የአንድ ቤት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሁለትና የሦስት ሰፈር ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ሰፈሮች በየዕድራቸው አማካይነት ተባብረው የመጠጥ ውሃቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ያሳያል።

፩. ውሃው በምን ይቆሽሻል?

የምንጭ ውሃ ከምድር ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚበላሸው ከወጣ በኋላ ነው። ከብት ገብቶ ይረግጠዋል፤ እበት ይጥልበታል። ልብስ እዚያው አጠገቡ ይታጠባል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ደግሞ ሜዳ ላይ የተጸዳዳነው ሁሉ በጎርፍ ተጠርጎ ይገባበታል። ከዚህም የተነሣ ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ኮሌራና ልዩ ልዩ የሆድ ትላትል ይመጣሉ።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በሽታውን የሚያመጡት ነፍሳት እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ በዓይን አይታዩም። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲያስቀምጠው የሰውነቱ ውሃ ቶሎ ያልቃል፤ በቶሎ ካልተረዳም ሊሞት ይችላል።

፪. አንድ ሰፈር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ እንበል። የታች ሰፈር ሰዎች ተነሥተው ምንጩን ቢያጥሩ፣ የላይ ሰፈር ሰዎች «ከብቶቻችን የት ይጠጡ? ምንጩስ በእኛ መሬት አይደለም ወይ?» ብለው አጥሩን ያፈርሱታል። ጠብም ይነሣል። የላይ ሰፈር ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከብታቸው መጠጣት አለበት። ስለሆነም ክልከላ ከመደረጉ በፊት ለከብቱ ገንዳ፣ ለልብስ ማጠቢያም ሌላ ቦታ መዘጋጀት ይገባዋል። ይህንንም ማድረግ የሚቻለው ሁለቱም ሰፈሮች አብረው ከተቀመጡ ብቻ ነው።

፫. ዕድር ለዚህ ሥራ ለምን ይመቻል?

ዕድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥም አለው። አባሎቹ መዋጮ መክፈልንና በተጠሩ ጊዜ መውጣትን ለምደዋል። አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ከመድከም ይልቅ ያለውን ማሠራት ይቀላል።

አንዳንዱ «ዕድርማ ለቀብር ነው እንጂ ለውሃ አይደለም» ይላል። በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ይነሣል እንበል፦

«አባቴ፣ ልጅ ሲሞትብን ዕድሩ ያስቀብርልናል። ልጁ ሳይሞት ለምን አይደርስልንም?»

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን በደንባችን አልተጻፈም።»

«ደንቡን የጻፉት እርስዎና እነ አባቴ አይደላችሁም? ይጨመርበታ!»

ይህች እናት የተናገረችው በእርግጥ የተደረገ ነገር ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በገደለ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ አያሌ ዕድሮች ሰው ከሞተ በኋላ ከማስቀበር አልፈው በሕይወት ያለውን በሽተኛና ወላጅ ያጣውን ልጅ ወደ መርዳት ተሻግረዋል። ለሕመምተኛው የተቻለ ለምንጩ አይቻልም አይባልም።

፬. ሥራው እንዴት ይጀመራል?

፩ኛ፤ ከምንጩ የሚቀዱት ዕድሮች ሁሉ ሁለት ሁለት ሰው ይምረጡ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስለሆኑ የምንጩን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

፪ኛ፤ የተመረጡት በአንድነት ሆነው ምንጩ ዘንድ ይሂዱ፤ ከብቱ በየት እንደሚገባ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ በዓይናቸው ይዩ።

፫ኛ፤ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የወረዳውን የውሃ ባለሙያ ምክር ይጠይቁ።

፬ኛ፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው ጉልበት ያዋጣ። ድንጋይ ማመላለስና ቦይ መቆፈር በደቦ ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

፭ኛ፤ ሒሳቡ በየዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ። ሒሳብ የተደበቀ እንደሆነ ኅብረቱ ይፈርሳል።

፭. የምንጩ አሠራር

የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሮ በንጹሕ ድንጋይ ይሞላል፤ በላዩ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውሃው በቧንቧ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። ከምንጩ በላይ ቢያንስ 8 ሜትር ርቆ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል። ዙሪያው ይታጠራል። የከብት ገንዳና የልብስ ማጠቢያ ከቧንቧው በታች ራቅ ብለው ይሠራሉ። መጸዳጃ ቤት ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ያውም በምንጩ ታች በኩል እንጂ በላዩ አይቆፈርም።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ዕድሮቹ ጠባቂ ይሹሙ። አጥር የሚጠግን፣ ቦይ የሚጠርግ ሰው ከሌለ አንድ ክረምት ሁሉን ያፈርሰዋል።

፮. ውሃው ቤት ከገባ በኋላ

ከንጹሕ ምንጭ የተቀዳ ውሃ እቤት ውስጥ ሊቆሽሽ ይችላል። እንስራውና ጀሪካኑ በየጊዜው ይታጠብ፤ ክዳን ይኑረው። ለመቅዳት እጀታ ያለው ጭልፋ ይኑር እንጂ እጅ የነካው ጣሳ አይነከር። ምንጩ ገና ካልተሠራ ውሃው ይፍላ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ።

እጅም በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ፤ ከመጸዳጃ ሲመለሱ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራትና ከመብላት በፊት፣ ልጅ ከማጉረስም በፊት።

፯. ልጅ ቢያስቀምጠው

ጡት አይከልከል። ኦ አር ኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም በሰገራው ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥያቄዎች

፩. ከእናንተ ምንጭ ስንት ዕድር ይቀዳል?
፪. ከብት ወደ ምንጩ በየት በኩል ይገባል?
፫. ለከብቱ ገንዳ ሳይሠሩ ምንጩን ማጠር ምን ያስከትላል?
፬. ከዕድራችሁ ማንን ትመርጣላችሁ?

እናቶች ሆይ፤ እነዚህን ጥያቄዎች እቤት ተወያዩባቸው። በሚመጣው የዕድር ቀንም አንዳችሁ ተነሥታችሁ የምንጩን ነገር አንሡ።