የሆፕ ምሬትና የውሃ መፍላት፤ የቤት ውስጥ ቢራ ጠመቃ በፊዚክስ ዓይን

ለመሆኑ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል? አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ «በ100» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ትክክል የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ የከባቢ አየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፍጹም መጠነ ሙቀት ሲሰላ፣ ይኸውም ከ373 ኬልቪን ወደ 365 ኬልቪን፣ ልዩነቱ ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ይህ ጥቂት ልዩነት የቢራን ምሬት የሚፈጥረውን ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መባል አለበት። ጽሑፉ የመጠጥ ግብዣ አይደለም። በአገራችን ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። እዚህ የምንመለከተው ጠመቃውን እንደ ቤተ ሙከራ ነው።

የትርፍ ጊዜ ጠማቂዎች

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት ከ1979 ጀምሮ፣ ለግል ፍጆታ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ያለ ፈቃድና ያለ ግብር ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም አገሮች ብዙ ሰዎች በትልቅ ድስት፣ በቴርሞሜትርና በሃይድሮሜትር እየታገዙ በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ያህል መጥመቅን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው አድርገውታል። የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር በ1978 የተመሠረተው በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ቦልደር በተባለች ከተማ ነው። ቦልደር 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ውሃ የሚፈላባት በ94.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የከፍታ ጉዳይ ለእነዚህ ጠማቂዎች ከመነሻው እንግዳ አልነበረም።

የሥራው ቅደም ተከተል አጭር ነው። የተከካ ብቅል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ በብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ይህ መጠነ ሙቀት ከመፍላት በታች በመሆኑ ደጋም ሆነ ቆላ ለውጥ አያመጣበትም። ከዚያም ጣፋጩ የብቅል ውሃ ተጣርቶ ከሆፕ ጋር ይፈላል፤ ይቀዘቅዛል፤ እርሾ ይጨመርበታል። ከፍታ የሚገባው በማፍላቱ ደረጃ ላይ ነው።

ምሬት የሚወለድበት ድስት

ሆፕ በቀዝቃዛና መካከለኛ የአየር ጠባይ የሚበቅል ሐረግ ነው። በፍሬው ውስጥ አልፋ አሲዶች የሚባሉ ውህዶች ይገኛሉ። እነዚህ አሲዶች በውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሙ ከመሆናቸውም በላይ የታወቀውን የቢራ ምሬት አይሰጡም። በሙቀት ጊዜ ግን የሞለኪውሉ አተሞች ሳይጨመሩና ሳይቀነሱ አቀማመጣቸው ብቻ ይለወጣል። ውጤቱም አይሶ አልፋ አሲድ ይባላል፤ ይህ የሚሟሟና የሚመር ነው። እንግዲህ የሆፕ ምሬት ከፍሬው ተዘጋጅቶ የሚቀዳ ሳይሆን በድስቱ ውስጥ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

ከጠላችን ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ጌሾ ከሆፕ ጋር የማይዛመድ ሌላ ተክል ነው። ጥንስስ ሲጣል የተወቀጠው ጌሾ ብዙውን ጊዜ ሳይፈላ በውሃ ተዘፍዝፎ ለቀናት ይቆያል፤ ምሬቱም በቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ጌሾ ጊዜን ሲጠይቅ ሆፕ እሳትን ይጠይቃል።

ሁለት በመቶ ግማሽ የሚሆነው እንዴት ነው?

አንድ ሞለኪውል ቅርጹን ለመለወጥ የሚሻገረው የኤነርጂ ግንብ አለ። መጠነ ሙቀት የሚነግረን አማካዩን ኤነርጂ ሲሆን፣ ግንቡን የሚሻገሩት ግን ከአማካዩ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤነርጂ የያዙ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። መጠነ ሙቀት ትንሽ ሲቀንስ አማካዩ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ የእነዚያ ጥቂቶች ቁጥር ግን በእጅጉ ያሽቆለቁላል። ስቬድናዊው ስቫንቴ አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ቀመር የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የአልፋ አሲዶች ግንብ በአንድ ሞል 98.6 ኪሎጁል ሆኖ ተለክቷል። ይህን በጋዝ ቋሚ ቁጥር በ8.314 ስናካፍል 11,860 ኬልቪን ያህል እናገኛለን። ቀጥሎ አንድ ሲካፈል ለ365 ከሚሰጠው ላይ አንድ ሲካፈል ለ373 የሚሰጠውን ቀንሰን ልዩነቱን በ11,860 እናባዛለን፤ ውጤቱ 0.70 ገደማ ነው። የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት የሆነው 2.718 በ0.70 ኔጌቲቭ ከፍ ሲል 0.50 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ምሬት አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው በባሕር ዳርቻ ከሚሠራበት ፍጥነት በግማሹ ነው። ቦልደር ላይ ስሌቱ 63 በመቶ ያህል ይሰጣል።

በዚሁ ጥናት ቁጥሮች መሠረት በ100 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ሲፈላ 53 በመቶ ያህሉ አልፋ አሲድ ይለወጣል፤ በ92 ዲግሪ ግን 31 በመቶው ብቻ። በእውነተኛው ድስት ከሆፑ የተገኘው ምሬት ከፊሉ ከዝቃጩና ከአረፋው ጋር ስለሚወገድ ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅ ይላሉ።

የደጋው ጠማቂ ታዲያ ምን ያድርግ? ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሆፑን መጨመር፣ ወይ የማፍያውን ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ማራዘም። ነዳጅ በተወደደበት አካባቢ የመጀመሪያው ይመረጣል። በግፊት ድስት ማፍላት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ የሚገነፍለው አረፋና የሆፑ ቅጠል የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍኑት ይችላሉና።

ሌላም ችግር አለ። የሆፕ መዓዛ የሚገኘው በቀላሉ ከሚተኑ ዘይቶች ነው። ምሬት ረጅም መፍላትን ሲሻ መዓዛ ግን በመፍላት ይጠፋል። ስለሆነም ጠማቂዎች ሆፑን ይከፍሉታል፤ ከፊሉን ለምሬት መጀመሪያ ላይ፣ ከፊሉን ለመዓዛ ድስቱ ሊወርድ ሲል ወይም ከመብላላቱ በኋላ ይጨምራሉ።

የሚንሳፈፈው መለኪያና የሚፈነዳው ጠርሙስ

እርሾ 180 ግራም ግሉኮስ ቢያብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። የስኳሩ ግማሽ ያህል ክብደት ጋዝ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። የቀረው ፈሳሽ እፍግታ ስለሚቀንስ፣ በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ሃይድሮሜትሩ ቀስ በቀስ ይሰጥማል። ንባቡ ከ1.060 ወደ 1.012 ቢወርድ ልዩነቱን፣ 0.048ን፣ በ131 በማባዛት አልኮሉ በይዘት 6.3 በመቶ ገደማ መሆኑን እናውቃለን።

መለኪያው ከዚህ የላቀ አገልግሎትም አለው፤ አደጋን ይከላከላል። ቢራው ጋዝ እንዲኖረው ሲታሸግ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይጨመራል። በ20 ዲግሪ በጠርሙሱ ውስጥ የሚፈጠረው ፍጹም ግፊት ከ3 አትሞስፌር ትንሽ ያነሰ ነው። ጠማቂው ቸኩሎ ንባቡ 1.016 ላይ ሳለ ቢያሽገው ግን፣ እርሾው የቀረውን ስኳር ታሽጎ ሳለ ስለሚጨርስ ግፊቱ ከ5 አትሞስፌር ያልፋል። ጠርሙሱ በሞቀ ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም ንባቡ ለተከታታይ ሦስት ቀናት ሳይለወጥ ሳይታይ ማሸግ አይገባም።

እዚህ ላይ ጄምስ ጁልን ማስታወስ ተገቢ ነው። ሙቀትና ሜካኒካዊ ሥራ የአንድ ነገር ሁለት መልኮች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በትክክለኛ ልኬት ያሳየው ይህ እንግሊዛዊ የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ልጅ ነበር።

መልመጃ

ይህን ለመሞከር ቢራ አያስፈልግም። በምትኖሩበት ከተማ ውሃ አፍልታችሁ በቴርሞሜትር ለኩ፤ ከዚያም በየ300 ሜትሩ የመፍላት ነጥብ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ከሚለው ግምት ጋር አነጻጽሩ። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ባሕር ዳር የሆፕ ምሬት የሚሠራበት ፍጥነት ከባሕር ጠለሉ ስንት በመቶ ይሆናል? 60 አካባቢ ካገኛችሁ ስሌቱን በሚገባ ተረድታችኋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፤ የእናቶቻችን ሽሮና ባቄላ በደጋ የሚዘገየው ለምንድን ነው? መንገዱ ያው ነው።